እጄ እየተንቀጠቀጠ ቡና ልቅዳ?

ጥያቄ፦ «የ32 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አዳማ ሲሆን ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ ደንበኛ አስተናግዳለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ለቅሶ ቤት ቡና ስቀዳ እጄ ተንቀጠቀጠና አንድ ሙሉ ስኒ አንዲት ትልቅ ሴት ላይ ደፋሁባቸው። እሳቸው ምንም አላሉኝም። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሰው እያየኝ መቅዳት፣ መፈረም፣ ብር መቁጠር ጭንቅ ሆነብኝ። ‹እጄን ያዩታል፣ ትጠጣለች ይሉኛል፣ ይንቁኛል› የሚለው ሐሳብ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የሥራ እድገት መጥቶልኝ ስብሰባ መምራት አለበት ብዬ ተውኩት። ከእናቴ የወረስኩት የማርያም ማኅበር አለ፤ ዓምና ተራዬ ሲደርስ አመመኝ ብዬ እህቴ ቤት አስደገስኩ። ዘንድሮ ተራዬ ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል። እጸልያለሁ፣ ጸበል ተጠምቄያለሁ፣ ራሴን ‹አትፍሪ› እያልኩ እመክራለሁ፣ አንድ ሁለቴም ባልደረባዬ የሰጠችኝን የልብ ምት የሚያበርድ ክኒን ውጫለሁ። ይህን ፍርሃት ነቅዬ የማወጣበትን ዘዴ ንገሩኝ።»

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ሁለት ወር በቂ ጊዜ ነው። የሚበቃው ግን አንቺ ለጠየቅሽው ነገር አይደለም። ፍርሃትን ከሥሩ ነቅሎ የሚያወጣ ዘዴ የለንም፤ አለኝ የሚልሽ ሰው ቢኖርም አትመኚው። ፍርሃቱ መጣም ቀረም፣ እጅሽ ተንቀጠቀጠም አልተንቀጠቀጠም፣ የእናትሽን ማኅበር ቤትሽ ተቀብለሽ እንግዶችሽን እንደ ወግሽ ለማስተናገድ ግን ሁለት ወር ይበቃሻል። ከዚህ በታች የምንጽፍልሽ ሁሉ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ወረቀት አውጥተሽ በሦስት ረድፍ ክፈይው። በአንደኛው ረድፍ ፍርሃቱን ለማባረር ያደረግሽውን፣ በሁለተኛው በዚያው ሰዓት ያገኘሽውን፣ በሦስተኛው በዓመቱ ውስጥ ያጣሽውን ጻፊ። ከደብዳቤሽ ብንነሳ እንዲህ ይሞላል። «አመመኝ» አልሽ፤ በዚያው ቅጽበት ደረትሽ ቀለል አለሽ፤ በዓመቱ ግን የእናትሽ ማኅበር ከቤትሽ ወጣ። እድገቱን ተውሽ፤ ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሽ፤ ደመወዙና ቦታው ቀረብሽ። ክኒኑን ዋጥሽ፤ ያን ቀን ቀና፤ በማግስቱ ግን ያለ ክኒን የማይቻል መሰለሽ። ሁለተኛው ረድፍ ሁልጊዜ እፎይታ ነው፤ ሦስተኛው ሁልጊዜ ኪሳራ ነው። አእምሮ ደግሞ የሚማረው ቅርብ ካለው ነው። ከቡናው በሸሸሽ ቁጥር የምታገኚው እፎይታ «ቡናው በእርግጥ አደገኛ ነበር፤ ያመለጥሽው ስለሸሸሽ ነው» ብሎ ያስተምረዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ማስጠንቀቂያው ቀደም ብሎና ጠንክሮ ይመጣል። አምስት ዓመት ሙሉ ፍርሃቱ ያልቀነሰው ደካማ ስለሆንሽ አይደለም፤ በየጊዜው ስለመገብሽው ነው።

ሐሳብን በግድ ማባረርም ከዚህ አይሻልም። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሙከራ ተማሪዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡም ደወል እንዲመቱ አዘዛቸው። ደወሉ ደጋግሞ ተመታ። ከዚያ በኋላ «አሁን አስቡ» ሲባሉ ደግሞ፣ መጀመሪያ ሳይከለከሉ እንዲያስቡ ከተነገራቸው ተማሪዎች ይበልጥ ድቡ ይመጣባቸው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አንድን ሐሳብ አለማሰብሽን ለማረጋገጥ አእምሮሽ ያንኑ ሐሳብ እየፈለገ መጠበቅ አለበት። «አትፍሪ» የሚለው ምክርሽም ፍርሃቱ መጥቶ እንደሆነ በየደቂቃው እንድትፈትሺ ያደርግሻል።

እጅን በተመለከተ ነገሩ የበለጠ ይጨበጣል። የማንም ጤነኛ ሰው እጅ ሲዘረጋ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል፤ በጣም ትንሽ ስለሆነ አይታየንም። ስንደነግጥ አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በደም ይረጭና ያንኑ የነበረውን ያጎላዋል። ጡንቻን አጥብቆ መወጠርም ያጎላዋል። ጀበናውን ጨብጠሽ «አትንቀጥቀጥ» ስትይው እጅሽ በዚያው መጠን የሚብሰው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩን አቁመን አንድ ነገር እንጠይቅሽ። ብቻሽን ሆነሽ፣ ማንም ሳያይሽ ሙሉ ስኒ ስታነሺስ እጅሽ ይንቀጠቀጣል? መልስሽ አዎ ከሆነ ከሥነ ልቦናው በፊት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂ። የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ብዙ ጊዜም የልብ ምት መፍጠን፣ ሙቀት አለመቻልና ምግብ እየበሉ መክሳት አብረውት ይመጣሉ። በደም ምርመራ ይታወቃል። የአስም መንፊያ፣ በተለይ ሳልቡታሞል፣ እንዲሁም ረሃብና የበዛ ቡናም ያንቀጠቅጣሉ። በዘር የሚወረስ፣ ዕቃ ሲያዝ የሚወጣ መንቀጥቀጥም አለ፤ ወላጆችሽ ወይም አክስቶችሽ እጃቸው እንዲህ ይል እንደነበር ጠይቂ። የሚታከም ነገር ከተገኘ ይታከማል። ምንም ካልተገኘም፣ በዘር የመጣ ቢሆንም፣ በላዩ የተጫነው ፍርሃት የሚያዝበት መንገድ ከዚህ የምንነግርሽ ነው።

ስለ ክኒኑም እንንገርሽ። የገለጽሽው ፕሮፕራኖሎል ወይም የእሱ ዘመድ ይመስለናል። ሐኪም አይቶሽ ቢያዝልሽ ነውር የለበትም። የባልደረባ ክኒን ግን አትውሰጂ፤ አስም ላለበት፣ የልብ ምቱ ቀድሞውንም ዝግ ላለ ወይም የደም ግፊቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። «ትንሽ ቢራ ያረጋጋል» የሚልሽም አይጠፋም፤ እሱን በፍጹም አትጀምሪው።

የምንመክርሽ አካሄድ አክሰፕታንስ ኤንድ ኮሚትመንት ቴራፒ ይባላል፤ በአጭሩ አክት። ስቲቨን ሄይስ የተባሉት የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያዳበሩት ሕክምና ነው። ፍሬ ነገሩ፣ ከባድ ሐሳብና ስሜትን ከመታገል ይልቅ ቦታ ሰጥቶ፣ እጅና እግርን ለሰውየው ትልቅ ዋጋ ወዳለው ነገር ማንቀሳቀስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጦርነትና በስደት ለተጨነቁ ሰዎች ያዘጋጀው የራስ አገዝ ሥልጠና የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው፤ ኡጋንዳ በሚገኝ መጠለያ ባሉ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ተሞክሮ ጭንቀታቸውን ቀንሷል። እንዳንቺ ሰው ፊት የመቅረብ ፍርሃት ላለባቸው ደግሞ ለረጅም ዘመን የተፈተነው ሕክምና ኮግኒቲቭ ቢሄቪየር ቴራፒ፣ ማለትም አስተሳሰብንና ድርጊትን አብሮ በመለወጥ ላይ የሚሠራው የንግግር ሕክምና ነው። ሁለቱም ውጤት ያስገኛሉ፣ ሁለቱም ወደ ፈራሽው ነገር ደረጃ በደረጃ መቅረብን ይጠይቃሉ። በአካባቢሽ በአንዱ የሠለጠነ ባለሙያ ካገኘሽ የትኛው ነው ብለሽ አትጨነቂ።

አሁን ወደ ሥራው። መነሻው «የት መድረስ እፈልጋለሁ» የሚለው ነው፤ አንቺ ደግሞ እዚህ ላይ የያዝሽው ግብ የተሳሳተ ነው። አለመፍራት፣ አለመንቀጥቀጥ፣ አለማፈር፣ በሰው አለመናቅ፤ እነዚህን ሁሉ ሬሳ ከማናችንም በተሻለ ይፈጽማቸዋል። በሕይወት ያለ ሰው ግብ በእጅና በአፍ የሚደረግ ነገር ነው። ማታ ላይ፣ ማኅበርተኛው በልቶ ጠጥቶ፣ መርቆ ተነስቶ ሄዷል እንበል። አንዷ እናት በመንገድ ላይ ስለ አንቺ ለጓደኛቸው አንድ ነገር ቢናገሩ ምን ቢሉ ትወጃለሽ? «እጇ ጸጥ ያለ ነው» ቢሉሽ ደስ ይልሻል? ወይስ «ቤቷ ይሞቃል፣ እንደ እናቷ ሰው ትወዳለች፣ የሁላችንን ልጆች በስም ጠይቃ ነው የሸኘችን» ቢሉ? ሦስት ወይም አራት ቃል ጻፊ። ሰው መቀበል፣ ማክበር፣ የእናትን አደራ መጠበቅ፣ የመሳሰለውን። ከዚያ በእያንዳንዱ ፊት ለፊት በዚህ ሳምንት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አስፍሪ። «ሰው መቀበል» በሚለው ፊት «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ እገሊትን ቡና መጥራት» ብለሽ ካልጻፍሽ ቃሉ ብቻውን አይረባም።

አንድ ፈተና ጨምሪበት፦ ማንም የማያውቅ፣ ማንም የማያመሰግን ቢሆን ይህን ማኅበር ትይዢው ነበር? አዎ ካልሽ የራስሽ ነው። «ቢቀር ሰው ምን ይለኛል» ብቻ ከሆነ የያዘሽ፣ ሥራው ሌላ ነው፤ ማኅበሩን ለእህትሽ በአደባባይ፣ ያለ ሐሰተኛ ሕመም፣ ማስረከብም ክብር ያለው ውሳኔ ነው። ከደብዳቤሽ እንደገባን የመጀመሪያው ይመስለናል። ዓምና ማኅበሩ ከቤትሽ መውጣቱን ከሁሉ በላይ ያዘንሽበት ነውና። ያም ሆኖ መልሱ የአንቺ ነው።

ሐሳቡን በተመለከተ አንድ አጭር ልምምድ አለ። «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሁሉም ይንቁኛል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ለአሥር ሰከንድ ያዢው፤ እመኚው። ቀጥለሽ «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሁሉም ይንቁኛል የሚል ሐሳብ መጣብኝ» በይ፤ አሥር ሰከንድ። ቀጥለሽ «…የሚል ሐሳብ እንደመጣብኝ አስተውያለሁ» በይ። ሐሳቡ ያው ነው፣ አልተከራከርሽውም፣ አልተቃወምሽውም፤ በአንቺና በእሱ መካከል ግን ክፍተት ተፈጠረ። ሌላው፣ በጣም የሚያስፈራሽን አንድ ቃል፣ «ይንቁኛል» የሚለውን፣ ብቻሽን ሆነሽ ጮክና ፈጠን አድርገሽ ለ30 ሰከንድ ደጋግሚው። ወደ መጨረሻው ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለአንድ ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ ከሠራሽው ሥራ ላይ ሰው ሳያውቅብሽ በልብሽ ልትይው ትችያለሽ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሐሳቡን «ሐሳብ ነው» ካለ በኋላ ሄዶ እንደሆነ ዞሮ ያያል። ከቆየ «አልሠራም» ይላል። የመለማመዱ ዓላማ ሐሳቡ እንዲሄድ አይደለም፤ እሱ እየተናገረ አንቺ ስኒውን እንድታነሺ ነው። ከሐሳቡ ጋር ክርክር መግጠምም እንዲሁ ነው። «ማንም አይንቀኝም» ብለሽ ማስረጃ መደርደር ከጀመርሽ ሐሳቡ ከአንቺ የተሻለ ጠበቃ ነው፤ የለቅሶውን ቀን ያመጣብሻል።

ለስሜቱ ቦታ መስጠትን ግን በዝርዝር እንንገርሽ፤ ከሁሉም የሚከብደውና በብዛት በስህተት የሚሠራው እሱ ነውና። ወንበር ላይ ሁለት እግርሽን መሬት አስነክተሽ ተቀመጪ። የማኅበሩን ቀን በዓይነ ሕሊናሽ አምጪው፦ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ እናቶች ነጭ ለብሰው ተደርድረዋል፣ ጀበናው እጅሽ ላይ ነው። ሰውነትሽ ወዲያው መልስ ይሰጥሻል። የት ነው? ደረት ላይ ነው? ጉሮሮ ላይ? ክንድ ላይ? አንዱን ቦታ ምረጪ። እንደማታውቂው ነገር መርምሪው፦ ዳር ዳሩ የት ያልቃል፣ ይጫናል ወይስ ይወጋል፣ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል፣ ቆሟል ወይስ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ በዚያ ቦታ ዙሪያ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፤ በዙሪያው ያሉትን ጡንቻዎች፣ ትከሻን፣ መንጋጋን፣ ጣትን ላላ አድርጊ። ስሜቱን ለማላላት አትሞክሪ፤ የምታላይው ስሜቱን የምትታገይበትን ጡንቻ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ ተነሺና ቀጣዩን ሥራሽን ሥሪ። ስሜቱ ሊጨምር ይችላል፣ ሊቀንስ ይችላል፣ ባለበት ሊቆይ ይችላል።

ይህ ጥርስ ነክሶ ከመቻል ፈጽሞ ይለያል። እኛ ዘንድ «ቻይው» የሚባል ምክር ሞልቷል፤ ብዙ ሴት ያንን ሰምታ በደልን ተሸክማለች። እኛ ቦታ ስጪ የምንልሽ ከቆዳሽ በታች ላለው ስሜትና ሐሳብ ብቻ ነው። የሚሰድብሽን አለቃ፣ የሚመታሽን ሰው ተቀበይ አላልንም፤ መለወጥ የሚቻል ነገር ይለወጣል። ሁለተኛው ስህተት ደግሞ ድርድር ነው፦ «እሺ፣ ተቀብዬሃለሁ፣ አሁን ሂድልኝ»። ይህ መቀበል አይደለም፤ ማባረሪያው ስሙን ቀይሮ መጣ እንጂ። ራስሽን የምትይዢበት መንገድ ይኸውና፦ በደብተርሽ ላይ በየልምምዱ ሁለት ቁጥር ጻፊ። አንዱ «ፍርሃቱ ከ0 እስከ 10 ስንት ነበር»፤ ሌላው «ፍርሃቱ እንዲኖር ምን ያህል ፈቀድኩለት፣ ከ0 እስከ 10»። የመጀመሪያው ቁጥር በእጅሽ አይደለም፤ አንድ ቀን 9፣ አንድ ቀን 3 ይሆናል። የምትሠሪበት ሁለተኛው ላይ ነው። ፍርሃት 8፣ ፈቃድ 8 ሆኖ የቀዳሽበት ቀን የተሳካ ቀን ነው። ፍርሃት 2 የሆነው በክኒን ከሆነ ግን ያተረፍሽው ነገር የለም።

ጸሎትሽንና ጸበልሽን አትተይ፤ ከዚህ ሥራ ጋር አይጋጭም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በዪ፦ ልመናሽ ሁሉ «ፍርሃቱን ውሰድልኝ» ብቻ ከሆነ፣ ባልተወሰደ ቀን ጸሎቱ ያልተሰማ ይመስልሻል፣ በፍርሃትሽ ላይ ኀዘን ይጨመርበታል። «ፍርሃቱ እያለም ሰው ለመቀበል ብርታት ስጠኝ» ማለትም ጸሎት ነው። የበለጠውን የንስሐ አባትሽ ይንገሩሽ።

አሁን ስምንቱን ሳምንታት እንከፋፍል። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ብቻሽን አፍልተሽ፣ ስኒዎቹን ረከቦቱ ላይ እንደ ወጉ ደርድረሽ፣ ሁሉንም ሙሉ አድርገሽ ቅጂ። እስከ አሁን ራስሽን የምትደብቂባቸውን ዘዴዎችም መዝግቢ፦ ስኒ በግማሽ መቅዳት፣ ጀበናውን በሁለት እጅ አንቆ መያዝ፣ ለእንግዳ ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥ፣ ሰው ወሬ ሲይዝ ጠብቆ መቅዳት፣ «ጀበናው ከባድ ነው» ብሎ ቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ሽሽቶች ናቸው፤ ከሳምንት ሳምንት አንድ አንዱን ጣይ። በሁለተኛው ሳምንት እህትሽን ወይም በጣም የምትቀርቢያትን ሴት ጥሪ፤ አቦል ብቻ ቅጂላት። በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ሆን ብለሽ ረከቦቱ ላይ ጥቂት ቡና አፍስሺ፣ በጨርቅ ጥረጊው፣ ወሬሽን ቀጥዪ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው ከሁሉ የሚፈራው ይህን ነው፤ ከሁሉ የሚያስተምረውም ይኸው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ጎረቤት ጠርተሽ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ሦስቱንም አድርሺ። ከአቦል በኋላ «ወጣሁት» ብለሽ ጀበናውን ለሌላ ሰው አትስጪ። በልምምዱ መሐል ፍርሃቱ ጣራ ሲነካ መነሳት የድሮውን ትምህርት ይመልሰዋል፤ ስለዚህ አጭር ቢሆንም የጀመርሽውን ጨርሺ። በጣም ከከበደሽ ሳምንቱን ድገሚው፤ ሰው ቀንሺ እንጂ ልምምዱን አትዝለይ።

አራተኛው ሳምንት ላይ የሚውለው 21 ከአንቺ ቀድማ ተራ የደረሳት ሴት ቤት የምትሄጂበት ነው። በእናንተ ማኅበር ልማዱ ከሆነ ጽዋውን በሁሉ ፊት የምትረከቢው ያን ጊዜ ነው። እጅሽ ቢንቀጠቀጥም ተረከቢ። ቀርተሽ ሰው እንዳትልኪ፣ ታምመሽም ካልሆነ በስተቀር። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሳምንት ባንክ ውስጥ አውይው፦ በቀን አምስት ደንበኛ ፊት ቅጹን እጅሽን ሳትደብቂ፣ ከወትሮው ቀስ ብለሽ ጻፊ፤ መቁጠሪያ ማሽን ቢኖርም ትንንሽ ጥቅሎችን በእጅሽ ቁጠሪ። የቤቱም ቡና አይቋረጥ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ የቻልሽ እንደሆነ ከምትፈሪያቸው ትልልቅ ሴቶች አንዷን እየጨመርሽ።

በሰባተኛው ሳምንት ከማኅበርተኛው አንዲት የምታምኛቸው እናት ንገሪ፦ «ሰው ሲያየኝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ዓምናም የቀረሁት ለዚህ ነበር»። ይህ ዓምና የተናገርሽውን ሐሰት ከላይሽ ያነሳልሻል፣ ምስጢር መጠበቅ የሚበላውን ጉልበትም ይመልስልሻል። የሚሰጡሽ መልስ ጥሩም ሊሆን፣ «ጸበል ተጠመቂ» ብቻም ሊሆን ይችላል፤ የነገርሻቸው መልሱን ፈልገሽ አይደለም።

የማኅበሩ ቀን ጠዋት ቁርስ ብዪ፣ ቡና አታብዢ። ልትቀጂ ስትይ ሃያ ሰከንድ ይበቃሻል፦ እግርሽ ቄጠማው ላይ መሆኑን ተሰሚው፤ ሐሳቡ ምን እያለ እንደሆነ በልብሽ ስም ስጪው፤ ጀበናውን የጨበጥሽበትን ጣት አንድ ደረጃ ላላ አድርጊ። ከዚያ ዓይንሽን ከእጅሽ አንስተሽ ሰው ላይ አድርጊ። ማን ስኳር ይተዋል፣ የማን ስኒ ባዶ ነው፣ የትኛዋ እናት ጉልበታቸውን አሟቸው ዳር ተቀመጡ? የፍርሃት ትኩረት ወደ ውስጥ ነው የሚጎትትሽ፤ ይህ ወደ ውጭ ያወጣሻል፣ የጻፍሻቸውን ቃላትም በሥራ ያውላል። ከፈሰሰ ጥረጊና ያንኑ ስኒ ሞልተሽ ስጪ። «ምነው ልጄ እጅሽ?» ካሉሽ መልሱ አንድ መስመር ነው፦ «ሰው ሲያየኝ እንዲህ ይለኛል፤ ይጠጡ።» ማብራሪያ አትጨምሪበት።

ማታውን ተጠንቀቂ። ሰው ፊት መቅረብ የሚፈራ ሰው አእምሮ እንግዳ ከሄደ በኋላ ቀኑን ከመጀመሪያው ጀምሮ እየመለሰ ያሳያል፣ ያየውን ሁሉ ወደ ክፉ ይተረጉማል፣ የሚቀጥለውንም ዓመት ያበላሻል። ሁለቱን ቁጥሮችና ያደረግሽውን አንድ መስመር ጻፊ፤ ከዚያ በኋላ ምርመራው ሲመጣ «የቀኑ ድጋሚ መጣ» በይና ስኒ ማጠብሽን ቀጥዪ። መቶ ጊዜ ቢመጣ መቶ ጊዜ እንዲሁ ነው።

እድገቱንም አልረሳነውም። በዚያው ወረቀት ላይ ለሥራሽ የሚሆኑ ሁለት ቃላት ጻፊ፤ ስብሰባ መምራት የሚጀምረው ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ በመጠየቅ ነው። ግን ሁለቱን ትግል በአንድ ወር አታምጪው፤ ከማኅበሩ በኋላ ይቆይሽ።

ይህን ሁሉ ብቻሽን መጨረስ ግዴታ የለብሽም። ከሦስተኛው ሳምንት ማለፍ ሁለት ጊዜ ካቃተሽ፣ እንቅልፍና ምግብ እየቀረብሽ ከሄደ፣ ቀኑን ሙሉ ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ለሁለት ሳምንት ከቆየ ወይም ሞትን መመኘት ከመጣብሽ አትጠብቂ፤ የመጨረሻው ከሆነ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪና አብራችሁ ሂዱ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ አለ፤ አዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ስትሄጂ ሁለቱን ቁጥሮች የጻፍሽበትን ደብተርና የወሰድሽውን ክኒን ስም ይዘሽ ሂጂ። «እፈራለሁ» ከሚለው ቃል ይልቅ፣ የትኛው ሰው ፊት፣ በየትኛው ሥራ፣ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየው ያ ገጽ ለባለሙያው ብዙ ይነግረዋል።